ያልተጠራችው አክስት

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይነቃ የቀረ ሰው ካለ በአነቃቂ እጦት አይደለም። ስልክ ሲከፍት አለ፤ ሬዲዮ ሲከፍት አለ። ታክሲ ሲገባ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕልና ከአርሰናል ዓርማ መሀል ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚመክር ጥቅስ ተለጥፎ ይጠብቀዋል። ከታክሲው ወርዶ ፒያሳ ቢቆም ደግሞ መጽሐፍ አዟሪው ቁልሉን ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ ይመጣል። የቁልሉ ግማሽ ሰው እንዴት ሚሊየነር እንደሚሆን ያስተምራል። በዚህ ከተማ እነዚያን መጻሕፍት ከአዟሪው የበለጠ የተሸከማቸው የለም፤ ሚሊዮኑ ግን እስካሁን አልደረሰውም።

እኔ በነገሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሰው ጠዋት ከአልጋው የሚነሳበት ምክንያት ሲያጣ ያስፈራል፤ ምክንያቱን ፍለጋ ቲኬት ቢቆርጥ አይፈረድበትም። እኔን የሚገርመኝ ምክንያቱ የሚፈለግበት ቦታ ነው።

የእህቴን ልጅ ይህ ነገር ከያዘው ሰንብቷል። የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ንግግር ተለወጠ። ሰነፍ የሚባል ሰው ጠፋ፤ ከኮምፎርት ዞኑ ያልወጣ ተባለ። ገንዘብ ማጣት የማይንድሴት ችግር ሆነ። እናቱ ሽንኩርት እንዲገዛ ስትልከው ራዕዩን እየጻፈ ስለሆነ ጥቂት እንድትታገሠው ይነግራታል። እሷም ድስቱ ተጥዶ ራዕይ እንደማይጠበቅ ትነግረዋለች።

አንድ ቅዳሜ እኔንም ይዞኝ ሄደ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ እምቅ ኃይል አለህ፤ አልተጠቀምክበትም እንጂ» አለኝ። በእኔ ዕድሜ እምቅ ኃይል አለህ መባል ያስደስታል፤ ሐኪም ቤት ከሚነግሩኝ ሁሉ የተለየ ነው። ተከተልኩት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ተናጋሪው ሙሉ ልብስ ያለ ክራባት ለብሶ ከሥር ነጭ ሸራ ጫማ አድርጓል። ማይክራፎኑ ጉንጩ ላይ ስለተለጠፈ ሁለቱም እጆቹ ለመወናጨፍ ነጻ ናቸው። መድረኩን ከዳር ዳር እየተመላለሰ በአንድ ወቅት ዳቦ መግዣ እንዳልነበረው ነገረን፤ አጨበጨብን። ዛሬ መኪና እንዳለው ነገረን፤ ከፊተኛው የበለጠ አጨበጨብን። በዳቦውና በመኪናው መካከል ምን እንደሆነ ልሰማ ጆሮዬን ባቆም «ወሰንኩ!» አለና አለፈው።

እኔን ያጓጓኝ ያ መካከሉ ነበር። ማን አስጠጋው? ማን አበደረው? ልብሱን የት አጠበ? ዳቦ መግዣ ያጣ ሰው በውሳኔ ብቻ ሳምንት አይሻገርም። አንዲት አክስት ትኖራለች። ማታ ሲገባ «በልተሃል?» ብላ የምትጠይቅ፣ በልቻለሁ ቢላት የማታምነው፣ ከልጆቿ ሳህን ቆንጥራ የምታቀርብለት አክስት የግድ ትኖራለች። ንግግሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ያቺ አክስት አንድ ጊዜም ስሟ አልተጠራም።

ከዚያ ተነሱ ተባልን። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ለታላቅ ነገር ተፈጥረሃል በሉት ተባለ። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ «አንተ» ብዬ አልጀምራቸው ነገር ጨነቀኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እርስዎ ለታላቅ ነገር ተፈጥረዋል» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እንኳ ልጄ ካልመጣህ ብላኝ ነው» አሉኝ። ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው። ከልጃቸው ወደ ጉልበታቸው ሕመም፣ ከጉልበታቸው ወደ ድሮው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራቸው ተሻገርን። በዚያ መሀል አዳራሹ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነቃቅቶ ተቀምጧል፤ እኛ አልሰማንም።

የአነቃቂዎች ሁሉ የመጀመሪያው ትእዛዝ ማለዳ መነሳት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ሌሎቹ ተኝተው ሳሉ ይቀድማቸዋል ይላሉ። የትኞቹን ሌሎች? በዚያ ሰዓት ኪዳን ለማድረስ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናቶች መንገዱን ሞልተውታል፤ ከመስጊድ አዛን ተሰምቶ ሰጋጆቹ እየሄዱ ነው፤ የመንገድ ጠራጊዋ አንድ ጎዳና ጨርሳለች፤ መርካቶ ተሸካሚው ከአይሱዙ ላይ ኩንታል እያወረደ ነው፤ እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዷን አስሳ ስንተኛዋን እንደምታወጣ እሷ ናት የምታውቀው። ማለዳ መነሳት የሚያበለጽግ ቢሆን ኖሮ የዚህ አገር ባለሀብቶች ማኅበር በእንጀራ ጋጋሪዎች በተመራ ነበር።

ሁለተኛው ትእዛዝ ቀን መቁረጥ ነው፤ ሕይወትህን የምትለውጥበትን ቀን ወስን ይላሉ። በዚህ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን ድሆች አይደለንም። መስከረም 1 አለ። እሱ ካመለጠ የፈረንጆቹ አለ። ሁለቱም ካመለጡ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ለግል ኑሮስ ለምን አይሆንም? ከሁሉም ግን እኔ የምወደው ጳጉሜን ነው። አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን የሆነች ይህች ወር ለወር ደመወዝተኛ ሥራ አላት፣ ደመወዝ የላትም። አምስት ቀን በነጻ የሚሠራ ሕዝብ የመኖርን ትርጉም አንዳንዴ ቢጠይቅ አይገርምም። ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ቀን፣ ትልልቆቹ ቤት ተቀምጠን የዓመት እቅድ ስናወጣ ሰማዩ ካወረደ ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ዝናቡ ውስጥ ይጨፍራሉ። ከእቅዳችን መስቀል የደረሰ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ነገር ትእዛዝ ሳይሆን ታሪክ ነው፤ የአበበ ቢቂላ። አነቃቂ ሁሉ ይወደዋል። «ጫማ አልነበረውም! እናንተ ግን ጫማ አላችሁ!» ሲባል አዳራሹ በሙሉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያያል። በእርግጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1960 ሮም ላይ ማራቶኑን ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። ጫማ ጠፍቶ ግን አልነበረም። የቀረበለት ጫማ ለእግሩ አልመች አለው፤ ባዶ እግር ሲለማመድ ኖሯል፤ ስለዚህ አውልቆ ሮጠ። አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ከኋላው ደግሞ ክቡር ዘበኛ ነበር፤ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነበር፤ አብሮት የሮጠው አበበ ዋቅጅራም ነበር። በዚያው ማራቶን ሰባተኛ የወጣውን ይህን ሁለተኛውን አበበ በአዳራሽ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ከዓለም ሰባተኛ መውጣት፣ ያውም ለአገሩ የመጀመሪያ የሆነ ድል በተገኘበት ቀን፣ ሰው የማያነቃቃ ሆኖ ቀርቷል።

ሌላም የሚዘለል አለ። ንግግሩ ሮም ላይ ያበቃል፤ ተናጋሪው ጊዜ ከተረፈው ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምናው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ድጋሚ ያሸነፈበትን የ1964 የቶኪዮ ድል ይጨምራል። እኔን የሚይዘኝ አበበ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1969 መኪና ሲያሽከረክር አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ከዱት። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። በዓመቱ እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ጋሪ ተሽቀዳደመና አሸነፈ። አስቡት፤ የጃቶ መንደር ልጅ፣ በሁለት እግሩ ዓለምን ያስደመመ ሰው፣ ተቀምጦ በረዶ ላይ ውሻ ሲነዳ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ41 ዓመቱ አረፈ። ሮም ለአብዛኞቻችን አትደርሰንም። እግር መክዳቱ ግን፣ በጉልበትም ይሁን በገንዘብ፣ ለሁላችንም በየተራችን ይደርሳል። ያኔ የሚያስፈልገኝ የቀስቱ አበበ ነው።

ያ የሚዘለለው መካከል ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የማሚቱ ጋሼን ታሪክ ይስማ። በልጅነቷ ተድራ፣ ምጥ ጠንቶባት፣ ልጇ ሞቶ ፊስቱላ የተረፋት የገጠር ሴት ነበረች። በአውሮፓውያኑ 1962 አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጥታ ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን አከሟት። ከዳነች በኋላ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ጀመር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሕልሟን የምትለጥፍበት ሰሌዳም አልነበራትም። አንሶላ ነበራት። አንሶላውን ከምታነጥፍበት ክፍል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተሻገረች፤ መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎ መርዳት፣ ቀጥሎ በገዛ እጇ መስፋት። ዓመታት ሄደው ሌሎች ሐኪሞች ከእሷ የሚማሩ ሆኑ፤ በ1989 የለንደኑ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሥራዋን በወርቅ ሜዳሊያ አከበረ። ይህን ታሪክ አንድ አነቃቂ ቢያገኘው ከበሽታው ወደ ሜዳሊያው በአንድ ትንፋሽ ይዘላል። እኔ አልጋው ጋ ነው ቁጭ ብዬ የምቀረው። ጠዋት ጠዋት አንሶላ ስትዘረጋ አልጋው ላይ የሚተኛው ሰው ራሷ ትናንት የነበረችውን ዓይነት ሴት ነው። እንዲህ ያለ አልጋ ለማንጠፍ ቪዲዮ ማየት አያስፈልግም።

ስለ ቡናም መጻፍ እንደሚጠበቅብኝ አውቃለሁ። ስለ ኢትዮጵያዊ ደስታ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ጀበና ሳይጥድ አያልቅምና ፈጠን ብዬ ልለፈው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ጎረቤት ካልተጠራ አይጠጣም፤ ሐሜቱ ከቡናው ይጥማል። ጨረስኩ።

የሞላ ኑሮ ያለው ሰው አሳየኝ ብባል የምጠቁመው የእድራችንን ጡሩንባ ነፊ ነው። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመታቸው ነው። ሰው ሲሞት ሌሊት በራቸው ይንኳኳል፤ ካፖርታቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ከላይ መንደር እስከ ታች ጅረቱ ድረስ እየነፉ የሟቹን ስም፣ የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰዓቱን ይለፍፋሉ። አሁን ለእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቷል። ጡሩንባው ግን አልተሻረም፤ ቴሌግራም ድምፁ ይጠፋል፣ የእሳቸው አይጠፋም። ቀን ቀን ሲሄዱ ካያችኋቸው ሰፈሩን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው። የማን ሳል እንደባሰ፣ የማን መስኮት ሁለት ቀን እንዳልተከፈተ፣ የትኛዋ አሮጊት ልጇ ከቤይሩት ሳይደውል እንደቆየ ያውቃሉ። በተለይ መስኮት ይከታተላሉ። አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ ሞት ብቻ እየተናገሩ አይከብድዎትም?» አልኳቸው። «እኔ ሞት አልናገርም፤ ሞቱንማ ሞቶታል። እኔ እናንተን ነው የምጠራው» አሉኝ። ሰላምታ ሰጥተውኝ የአንድ ቤት መስኮት ሊያዩ ሄዱ።

እድሩ ራሱ ማንንም አነቃቅቶ አያውቅም። ይቀጣል። ቀብር ያልወጣ ይቀጣል፤ ዘግይቶ የደረሰ ይቀጣል፤ ድንኳን ሲተከል በተራው ያልተገኘ ይቀጣል፤ ወርሃዊ መዋጮ ያሳለፈም ይቀጣል። ስም ይጠራል፤ «አቤት» ያላለ ይመዘገባል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እየመታን ከሬሳ ኋላ የምንሄደው ብዙዎቻችን ውስጣዊ ጥሪ ተሰምቶን አይደለም። ስማችን ስለሚጠራ ነው። ሐዘንተኛዋ ግን ይህን አታይም። የምታየው ድንኳኑ መሙላቱን ነው። ማን አዝኖ፣ ማን ቅጣት ፈርቶ እንደመጣ ለይታ አታውቅም፤ ቆይቶ ቆይቶ የመጣውም ሰው ራሱ አያውቀውም። ሟቹን በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ሰላም ያላሉት ሰውዬ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው፣ ንፍሮ ቆርጥመው፣ ሌሊቱን ካርታ ሲጫወቱ አድረው፣ በሦስተኛው ቀን «ደግ ሰው ነበር» ብለው ከልባቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ደግነቱን ያወቁት ድንኳኑ ውስጥ ነው። ቅጣቱ ባይኖር አያውቁትም ነበር።

እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሴ አቋም አለኝ፤ የማይስማማ ቢኖር አልጣላውም። ሰው ደግ ለመሆን ስሜቱ እስኪመጣለት ከተጠበቀ ድንኳኑ ባዶ ይቀራል። ስሜት የትም የለም ማለቴ አይደለም፤ ቀድሞ አይመጣም ነው የምለው። አግዳሚ ወንበሩን ካነሳህ በኋላ፣ ትከሻህን ሲያምህ፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

የእህቴ ልጅም ወደ እድሩ የገባው በጥሪ አልነበረም። እናቱ እግሯን ታማ በእሷ ቦታ ድንኳን ሊተክል ተላከ፤ እየተነጫነጨ ሄደ። እዚያ ካስማ ሲመታ ጸሐፊው መዝገቡን በእጅ እየጻፉ ስማቸው የጠፋባቸውን አባላት ሲፈልጉ አየ። «በኤክሴል ልሥራላችሁ?» አለ። ኤክሴል ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ ወዲያው መዝገቡን አሸከሙት። አሁን የማን ቤተሰብ ስንት እንደሆነ፣ ማን ስንት ወር እንዳሳለፈ እሱ ዘንድ ነው። አሮጊቶቹ መንገድ ላይ ያቆሙታል፤ የልጅ ልጅ ስም እንዲጨምርላቸው፣ የሞተ ባል ስም እንዲፍቅላቸው። አንዷ እማማ የባላቸውን ስም ለማስፋቅ ሄደው፣ ሲያለቅሱ ቆይተው፣ «ይቅር፣ እኔው እከፍልለታለሁ» ብለው ተመለሱ። በዚያ ሳምንት ስለ ማይንድሴት ሲያወራ አልሰማሁትም።

አነቃቂዎቹን ግን አልተዋቸውም። ባለፈው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ እድሩ አንድ አነቃቂ ተናጋሪ እንዲጋብዝ ሐሳብ አቀረበ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ያደርግልናል?»

«ያነቃቃናል፣ ጋሼ።»

«ተኝተናል?»

ከኋላ አንዲት እናት ሰውየው የየት ሰፈር ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ ማን እንደሆነች ጠየቁ። ሌላው አባል ነው ወይ አሉ። አባል ካልሆነ በምን ደንብ ነው ስብሰባ ላይ የሚናገረው? ልጁ ሰውየው የሚናገረው በክፍያ እንደሆነ አስረዳ። ገንዘብ ያዡ ዋጋውን ሲሰሙ ወረቀት አውጥተው አሰሉና «ይሄ እኮ አርባ የፕላስቲክ ወንበር ነው» አሉ። ጉባኤው አጉረመረመ። አንድ ሰው ደግሞ በነጻ የሚናገሩ አባላት ሞልተውናል፣ ያቃተን እነሱን ማስቀመጥ ነው አለ፤ በዚህ ላይ ተሳቀ፤ የተባለባቸው ሰዎችም ራሳቸው ሳቁ። ሐሳቡ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ወደቀ።

ቀጣዩ አጀንዳ ካለፈው ተስካር ወዲህ የጎደሉት የእድሩ ሳህኖች ነበሩ። መጀመሪያ ቁጥራቸው አከራከረ። ከዚያ ማን ተረክቦ ማን አስረከበ የሚለው መጣ፤ የእህቴ ልጅ ኤክሴሉን ከፍቶ አነበበ፤ የተነበበባቸው ሰው ተነስተው መዝገቡ ተሳስቷል አሉ፤ ሦስት ምስክር ቀረበ። አንዷ ሴትዮ ሳህኖቹ ጠርዛቸው ላይ ሰማያዊ መስመር እንዳላቸው፣ እንዲህ ያለ ሳህን በአንድ ቤት ጎመን ቀርቦበት በዓይናቸው እንዳዩ፣ ቤቱን ግን ለጊዜው እንደማይናገሩ ገለጹ። ጡሩንባ ነፊው ሁላችንም ቤት ዞረው መስኮት ብቻ ሳይሆን መደርደሪያም እንዲያዩ ይወከሉ ተባለ፤ እሳቸውም ያለ ጽሑፍ ውክልና አልሄድም አሉ። መሸ፤ መብራት ተበራ። ማንም አላንቀላፋም።